«መንገዱን መንግሥት ከሠራው እኛ ለምን እንከፍላለን?» ለደሴዋ ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ከአንዲት የደሴ ልጅ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምንኖረው። አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት አለን፤ ግቢው 200 ካሬ ይሆናል። አባቴ ካረፈ ቆየ። እናቴ በጡረታ ነው የምትኖረው። ሁለት ሰርቪስ ክፍሎችም አከራይተናል። አሁን የንብረት ታክስ ይመጣል እየተባለ ነው። ከተማው ደግሞ ለኮሪደር አንዱ ጋ ይፈርሳል፣ አንዱ ጋ ይሠራል። መንገዱን መንግሥት በበጀቱ ከሠራው እኛ ለምን እንከፍላለን? ከፍለን ስናበቃስ ቢያፈርሱብን? እናቴ እንቅልፍ አጥታለች።»

አብሽሪ እህቴ። እናትሽንም አረጋጊያቸው። አዋጅ ወጣ ማለት ነገ ጠዋት የግብር ሰው በር ያንኳኳል ማለት አይደለም። ቤቱ መመዝገብ አለበት፣ መለካት አለበት፣ መገመት አለበት፣ ግምቱም ለባለቤቱ መነገር አለበት። በእያንዳንዱ ደረጃ እናንተ የምትናገሩበት ቦታ አለ። የኔ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ይህ ገንዘብ ለደሴ ያስፈልጋታል፤ እንዲያውም ከምንም በላይ ያስፈልጋታል። ትክክለኛ የሚሆነው ግን ሲለካና ሲገመት ባለቤቱ ቆሞ ካየ፣ የተሰበሰበውም የት እንደገባ ከተነገረው ብቻ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቤትና በቦታ ግምት ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሜትር ይዤ ያልገባሁበት ሰፈር ጥቂት ነው። እስቲ ከመሠረቱ ልነሳ።

እስከዛሬ ስትከፍሉ የኖራችሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቦታ ኪራይ ነው። ሌላው የቤት ግብር ነው፤ ሰዉ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው። ሁለቱም የሚመዘዙት ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ዓመቱን ልብ በይ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዓመቱ ይህ የግብር አዋጅ ተከተለ። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ ነበር። ያ ግምት በብዙ ከተማ ለአሥርት ዓመታት ማንም ሳይነካው ቆየ። ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ለመመለስ የከፈለው የባጃጅ ሒሳብ ከዓመት ግብሩ የማይተናነስበት ሰው አውቃለሁ።

ይህን ሊተካ የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ጥር 2017 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መቋጨት ነበረበት፦ ይህን ታክስ የመጣል ሥልጣን የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራልም ለክልልም ለይቶ አልሰጠውም። እንዲህ ያለውን ነገር አንቀጽ 99 ለሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ለተወካዮችና ለፌዴሬሽን፣ የጋራ ስብሰባ ይተወዋል። እነሱም በ2015 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለክልሎች ሰጡ። ስለዚህ የፌዴራሉ አዋጅ አጥር ነው የሚያጥረው። በአጥሩ ውስጥ መጠኑን የሚቆርጠው የክልሉ ሕግ ነው።

አጥሩ እንዲህ ነው። ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 በመቶ እስከ 1 በመቶ። ለሕንፃና በመሬቱ ላይ ለተደረገ ማሻሻያ ከ0.1 በመቶ እስከ 1 በመቶ። መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ታክሱ የሚያርፈው በመጠቀም መብቱ ላይ ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ወደ ኋላ ግን እመለስባታለሁ።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ነው የወሰድኩት፤ የናንተ ግቢ ዋጋ ነው እንዳትይ። ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ ለቦታው 400,000 ብር፣ ለጭቃ ቤቱና ለሰርቪሶቹ 150,000 ብር ሆኖ ተመዘገበ እንበል። በዝቅተኛው መጠን ከተሰላ ለቦታው 800፣ ለቤቱ 150፣ ድምሩ 950 ብር በዓመት ይመጣል። በከፍተኛው ከተሰላ ደግሞ ለቦታው 4,000፣ ለቤቱ 1,500፣ ድምሩ 5,500 ብር። ግቢው ያው ነው፣ አዋጁም ያው ነው። የመጀመሪያውን እናትሽ ከሰርቪሱ ኪራይ ይከፍሉታል። ሁለተኛው ለአንድ ጡረተኛ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰዉ «አዋጁ ወጣ» ብሎ ሲደነግጥ እኔ የምመልሰው ሁሌም አንድ ነው፦ ዓይናችሁን ክልሉ በሚቆርጠው መጠን ላይ፣ ከዚያም በግቢያችሁ ግምት ላይ አድርጉ። የናንተን ኪስ የሚነኩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። መንግሥት ከሠራው ለምን እንከፍላለን?

የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። በአንደኛው ኪስ ከክልሉ የሚመጣው ድጎማ ይገባል። ይህ የአስተማሪውን ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያውን ነርስ ይከፍላል። በሁለተኛው ኪስ ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ የሚባለው ይገባል። ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቄራ፣ እሳት አደጋ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ኪስ ነው የሚወጡት። ይህን ኪስ የሚሞላው ከተማው ራሱ ነው። ማንም ከውጭ መጥቶ አይሞላለትም። ደሴ ውስጥ አምፖሉ የተቃጠለ ምሰሶ ሦስት ወር ጨለማ ሆኖ ስታዪ፣ ብዙ ጊዜ እያየሽ ያለሽው የሁለተኛውን ኪስ ባዶነት ነው።

ትልልቁ ግንባታ ሌላ መንገድ አለው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ ዩኤልጂዲፒ የሚባለው የከተሞች ልማት ፕሮግራም መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች መካከል ነበሩ። ኋላ ከተሞቹ 44 ደረሱ፤ በቀጣዩ ዩአይአይዲፒ ደግሞ 117። ሰፈርሽ ውስጥ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ ከጎኑ ያለው የድንጋይ ቦይ፣ ብዙው የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የፕሮግራሙን አንድ ባሕርይ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገንዘቡ ዝም ብሎ አልተሰጠም። ከተማው በየዓመቱ ይመዘን ነበር። ከሚመዘንበት አንዱ «የራስህን ገቢ ምን ያህል አሳደግህ?» የሚል ነው። የሠራኸውን ንብረት ለመጠገን ዕቅድ አለህ ወይ ተብሎም ይጠየቅ ነበር። ማለት የውጭ ገንዘብ እንኳ የሚመጣው የራሱን ለሚሰበስብ ከተማ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ደግሞ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፣ ደሴና ኮምቦልቻም ደረሰ። አስፋልቱ ይሰፋል፣ የእግረኛ መንገዱ ይነጠፋል፣ መብራት ይተከላል፣ አበባ ይተከላል። ያማረውን አምሯል እላለሁ። እኔ የምጠይቀው ግን ይሄን ነው፦ በሦስተኛው ዓመት አምፖሉን ማን ይቀይረዋል? ቦዩን ማን ይጠርገዋል?

አንድ ነገር ላሳይሽ። ደሴን በሐምሌ ታውቂያታለሽ። ዝናቡ ጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ ውሃው ቁልቁል የሚመጣው እየሮጠ ነው። አንድ ሐምሌ ጠዋት ለግምት ሥራ በአንድ የኮብልስቶን መንገድ ስወርድ፣ ቦዩ መታጠፊያ ላይ ሃይላንድና ፌስታል ተጠቅጥቆ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ በመንገዱ ላይ ሲሄድ አየሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በድንጋዮቹ መካከል ያለችውን አሸዋ ያጥባል። አሸዋዋ ስትሄድ ድንጋዩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ስትረግጪው እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። አንዱ ሲነቀል ጎረቤቱ መደገፊያ ያጣል። በመስከረም ስመለስ ሠላሳ ሜትር ያህል መንገድ ተገልብጦ ነበር። ልጆች ድንጋዩን ለቅመው ለኳስ ጎል አድርገውታል። አካፋ ለያዙ ሁለት ሰዎች የሁለት ቀን ሥራ ነበር። መንገዱን እንደ አዲስ ለመሥራት ግን ሌላ ፕሮጀክት፣ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ዓመት ያስፈልጋል። ሁለቱን ሰዎች ለመክፈል ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «መንገድ መንግሥት ሠራልን» ሲለኝ ያቺ መታጠፊያ ናት ፊቴ ላይ የምትመጣው። ሠሪው ሊገኝ ይችላል። ጠባቂው ግን የሰፈሩ ገንዘብ ካልሆነ ማንም አይሆንም።

«ከተማው ሊዝ ይሸጥ የለም እንዴ?» ትዪኝ ይሆናል። ይሸጣል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ በጨረታ ይተላለፋል፤ ለብዙ ከተማም ዋናው የገቢ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ግን ሊዝ ላሟን መሸጥ ነው። የንብረት ታክስ ወተቷ ነው። ደግሞ ደሴን ተመልከቻት። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፤ ከተማዋ በመካከል ተጨንቃ ነው የተቀመጠችው። የሚሸጥ ሜዳ የላትም። አንዳንዱ ዳገት ደግሞ መሬቱ የሚንሸራተት ነው፤ ቤት ባይሠራበት ይሻላል። ኮምቦልቻ ሌላ ነው። የቦርከና ወንዝ ያለበት ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፤ ፋብሪካ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ ሊዙም ለጊዜው ያራምዳል። ደሴ ግን የቤትና የሱቅ ከተማ ናት። የቆመችበትን ነገር በየዓመቱ በጥቂቱ ካልተጠቀመችበት ሌላ ምንም የላትም። በዚያ ላይ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች የደረሰባቸውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ፋብሪካው ተዘርፎ፣ ከዜሮ የተነሳ ብዙ ነገር አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህኛው ስለ ፍትሕ ነው። ኮሪደሩ ሲያልፍ የሁሉም ሰው ቦታ ዋጋ እኩል አይጨምርም። ፒያሳ ላይ አስፋልት ዳር አራት ፎቅ ያለው ሰው፣ መንገዱ ሲያምር የሱቅ ኪራዩ ወዲያው ይጨምርለታል። እሱ ምንም አላወጣም። ከውስጥ ለውስጥ ያላችሁት እናንተ ግን አቧራውን ነው የቀመሳችሁት። ያረጀው ግምት ሁለታችሁንም ለአሥርት ዓመታት በዱሮ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በደንብ የተሠራ የንብረት ታክስ ከእሱ ብዙ፣ ከናንተ ጥቂት ይወስዳል። እኔ ይህን ማሻሻያ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። «በደንብ የተሠራ» የሚለውን ቃል ግን አስምሪበት።

ምክንያቱም የደሴ ግምት ከባድ ነው። አንደኛው ችግር የገበያ ዋጋ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ የለም። ሰው ቤት ሲሸጥ ውል ላይ የሚጽፈውና በእጁ የሚቀበለው ይለያያል። ገማቹ ውሉን ቢያምን ሁሉም ቤት ርካሽ ነው። ደላላውን ቢያምን ሁሉም ቤት ውድ ነው። ሴራሊዮን ውስጥ የፍሪታውን ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ሞክሮታል። ቤቱ ከውጭ በሚታየው ነገር ነጥብ ይሰጠዋል፤ ስፋቱ፣ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መንገዱ፣ ያለበት ሰፈር። ነጥቡ ተደምሮ ታክሱን ይሰጣል። ባለቤቱም ነጥቡን ራሱ መቁጠር ይችላል። ደሴ ውስጥ ቢሠራበት የምወደው እንዲህ ያለውን ነው። ጎረቤትሽ ቆሞ ሊቆጥረው የማይችለው ግምት ሁሌም ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። ይህን ከአዲስ አበባ የመጣ ገማች በቀላሉ አያየውም። ሁለት ግቢ አለ እንበል፤ ሁለቱም 200 ካሬ። አንዱ አስፋልት ላይ ነው። ሌላው ጋ ለመድረስ አርባ ደረጃ ትወርጃለሽ። አንድ ጭነት አሸዋ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ነው የሚወርደው። ሲሚንቶውም እንደዚያው። ከ200 ካሬው ውስጥ 60ው ደግሞ ድጋፍ ግንብ ካልቆመለት የማይረገጥ ገደል ነው። ካርታው ላይ ግን ሁለቱም «200» ናቸው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ መገመት ስህተት ነው። ያንቺ ግቢ እንዲህ ያለ ከሆነ ገማቹ ሲመጣ ሳሎን አስቀምጠሽ ቡና ብቻ አታጠጪው። ውሰጂውና ገደሉን አሳዪው። የድጋፍ ግንቡን የሠራችሁት በራሳችሁ ገንዘብ ከሆነ እሱንም ንገሪው። ጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ጋር አንድ እንዳይሆንም ግድግዳውን በእጁ ይንካው።

ስህተት አይፈጠርም እንዳትይ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ ከተማ በተመደብኩበት የልኬት ሥራ አንዲት እናት ፋይል ውስጥ የጎረቤታቸው የብሎኬት ቤት ልኬት ተመዝግቦ አገኘሁ። የቤት ቁጥሩ በአንድ አኃዝ ተሳስቶ ነው። እሳቸው ለዓመታት የሌላ ሰው ቤት ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል። የታወቀው እንዴት መሰለሽ? ካርኒውን ሁሉ በብስኩት ጣሳ አስቀምጠው ነበር። ከጣሳው እያወጡ፣ እያንዳንዱን በጉልበታቸው ላይ እየደረደሩ አሳዩኝ። የተሳሳተበትን ዓመት ያገኘነው ከሳቸው ጣሳ እንጂ ከቢሮው መዝገብ አልነበረም። እዚያ ቢሮ ውስጥ እኔም ነበርኩ። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው የእናትሽ ጉዳይ ነው። ቦታው ዋጋ አለው፣ እጃቸው ላይ ግን ብር የለም። እንዲህ ያሉ አረጋውያን በደሴ ብዙ ናቸው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በደህና ቦታ ጎጆ የቀለሱ፣ ልጅ አሳድገው ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ቦታቸው ውድ የሆነው እነሱ ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ ከተማው ወደነሱ ስለመጣ ነው። ለነሱ ቅናሽ ወይም እፎይታ መደረግ አለበት። ወይም ታክሱ እየተመዘገበ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወደ ወራሽ ሲዛወር የሚከፈልበት መንገድ ይበጅ፤ ይህን ሌላ አገር ይሠሩበታል። የክልሉና የከተማው ምክር ቤት አባል ሲያገኙሽ ይህን ጥያቄ አንሺ። በግል ከማንሳት ደግሞ በቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው፣ ማንሳት ይሻላል። ወሎ ውስጥ ቅሬ ለቅሶ ላይ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ሰላሳ አባወራ ግምቱን አምጥቶ ጎን ለጎን ሲያስተያይ የተዛባው ወዲያው ይታያል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ «ተበሳጭቶ ነው» ይሉታል። ቅሬው ሲሄድ ይሰሙታል።

ስለ ተከራዮችሽ በአጭሩ። ታክሱን ኪራይ ላይ በአንድ ጊዜ ልጫነው እንዳትይ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያወጣው ጣሪያ እንዳያልፍ ይላል። ውሉን በጽሑፍ አድርጊው። ሰርቪስ ክፍል የሚከራየው ልጅም ያው እንዳንቺው ነው የሚኖረው።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። ከፍለን ቢያፈርሱብንስ?

መጀመሪያ፣ ታክስ መክፈል ከማስነሳት አያድንም። ባለመክፈልም አትነሺም። ሁለቱ የተለያየ ሕግ ናቸው። የማስነሳቱ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ከተፈለገ ካሳ መከፈል አለበት። ምትክ ቦታ ወይም ቤት አለ። ማኅበራዊ ትስስር ሲቋረጥ የሚከፈል ካሳም ገብቶበታል፤ ይህ ጥሩ እርምጃ ነው፣ ቅሬሽን ትተሽ መሄድ ዋጋ እንዳለው ሕጉ አምኗል ማለት ነው። አቅሙ ካላችሁ በፕላኑ መሠረት ራሳችሁ እንድታለሙ የቅድሚያ መብትም አላችሁ። ቅር ካላችሁ ለአቤቱታ ሰሚው፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ቀኑ አጭር ነውና ደብዳቤው የደረሰሽን ቀን ጻፊው።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ያልኳት ልዩነት እዚህ ትመጣለች። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ካሳው ሲሰላ የሚታየው በላዩ ያፈራሽው ንብረት ነው፤ ያንን ቤት እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጃል ተብሎ። የቦታው የገበያ ዋጋ አይከፈልሽም። ታክሱ ሲሰላ ግን የቦታው የገበያ ዋጋ ይታያል። ሲያስከፍሉ በገበያ፣ ሲከፍሉ በመተኪያ። ይህ ለኔ የማሻሻያው ትልቁ ያልተዘጋ ቀዳዳ ነው። ለአንድ የጭቃ ቤት ባለቤት ቦታው ነው ሀብቱ፤ ጭቃውማ ምን ያወጣል? በየዓመቱ በቦታው ዋጋ ታክስ ሲከፍል የኖረ ሰው፣ በሚነሳበት ቀን «ቦታው ያንተ አይደለም» ሲባል የሚሰማውን አስቢው። ሕግ አውጪዎቹ ሁለቱን ማገናኘት አለባቸው። ቢያንስ ሲከፈልበት የኖረው ግምት፣ ምትክ ቦታ ሲሰጥ የሰፈሩን ደረጃ ለመወሰን እንደ ማስረጃ ይያዝ። ይህን የምለው እንደ ገማች ነው። ሁለት ሚዛን ይዞ የሚዞር ነጋዴ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለተኛ አይሸጥም።

ለዚህም ነው ግምትሽን አሳንሰሽ ለማስመዝገብ አትሞክሪ የምለው። ትክክለኛው ይጻፍ። ዛሬ ለታክስ ብለሽ ያሳነስሽው ነገ ስትነሺ፣ ስትሸጪ፣ ባንክ ስትሄጂ በአንቺ ላይ ይመሰክራል።

ከዚህ ሳምንት የሚጀመር ሥራ ልስጥሽ። ካርታው አሁንም በአባትሽ ስም ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይቻለሁ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ፣ ስም አዛውሩ። የከተማ ይዞታ ምዝገባው፣ ካዳስተር የሚሉት፣ የራሱ አዋጅ አለው። በሟች ስም ያለ ግቢ ሲመጣ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ግምቱም ቅሬታውም አብሮ ይቀመጣል። ወንድም እህት ካለሽ አሁን ተነጋገሩ፣ ቅያሜ ሳይመጣ። ከዚያ ግቢውን ራሳችሁ ለኩት። ሜትር ከናጢ ቤት ተዋሺ። አንቺ አንዱን ጫፍ፣ ጎረቤት ሌላውን ይያዝ። አጥር ከአጥር ለኪ፣ ቤቱን ለብቻ፣ ሰርቪሱን ለብቻ፣ ገደሉን ለብቻ። በወረቀት ሣዪው፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም። ስልክ ካለሽ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መግቢያውን ፎቶ አንሺ። ካርኒዎቹን ሰብስቢ። ካርኒ ብቻውን ባለይዞታ አያደርግም፣ ግን ስንት ዓመት እንደኖራችሁበት ይናገራል።

ግምቱ ሲመጣ በጽሑፍ ይሰጠኝ በይ። የቦታው ስንት፣ የቤቱ ስንት፣ በየትኛው መጠን እንደተባዛ ለይቶ ይጻፍልሽ። ድምሩን ብቻ ከነገሩሽ አልጨረሱም። ካልገባሽ ያንን ወረቀት ይዘሽ ተመለሺና ጠይቂኝ፤ ቁጥር በቁጥር እናየዋለን። ከከተማው ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፣ በቅሬ ሆናችሁ። ከሚሰበሰበው የንብረት ታክስ ለጥገና ስንት ተይዟል? የናንተ ሰፈር ቦይ በየትኛው ወር ይጠረጋል? መልሱ «በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ» መሆን አለበት።

ለእናትሽ ደግሞ ማመልከቻውን አንቺ ጻፊላቸው። የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ አያይዢ። ሌላ ገቢ የላቸውም ብለሽ እንዳትጽፊ፤ የሰርቪሱን ኪራይ ከነመጠኑ ጻፊው። እውነቱ ተጽፎ ይታይላቸው። እሳቸውም ፊርማቸውን ያኑሩ፣ ካልቻሉ አሻራ። ሁለት ኮፒ አድርጊና በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ማኅተም ያኑርበት። እሱን ኮፒ ከካርኒዎቹ ጋር አስቀምጪው።